ኖኅ የልጅ ልጆቹን ለማን ዳረ?

ፔታህ ትክቫ፣ ኤን ጋኒም
ረቡዕ፣ ሔሽቫን ፲፬ ቀን

ለልጅ ልጄ፣ ለጭቃ ቆጣሪዋ ለሬዑት፤

እንደምን ከርመሻል? ፀሐይ ከቀትር በኋላ ሥራ በምታቆምበት በዚያ በፊንላንድ አገር ብርዱን እንዴት ቻልሽው? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከቀኝ ጉልበቴ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ጉልበቴ እንኳ ደግ ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል አስቀድሞ ይነግረኛል። ያንቺ ናፍቆት ግን ሳያስጠነቅቅ ይመጣል፤ ትናንት ሱቅ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ መጣብኝና የበሰበሰውን ሁሉ ለቅሜ ገባሁ። እናትሽ እስካሁን ታነሣብኛለች።

«ሳባ፣ አያቴ፣ ለምን ድምፅዎን ቀድተው በስልክ አይልኩልኝም?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እንዳልልክ የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው። የእናትሽ ጆሮ ደግሞ ግድግዳ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ፊደል ያስተማርሁሽ ለእንደዚህ ያለ ቀን ነው። አባትና እናትሽ ፈረቃ ሲቀያየሩ፣ እኔና አንቺ ኩሽና ውስጥ ተቀምጠን «ሀ ሁ» ስንል፣ አንቺ «ሐ»ን፣ «ኀ»ንና «ሀ»ን አይተሽ «ሦስቱም አንድ ድምፅ ከሆኑ ሦስት ምን ያደርጋል?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ገና የወተት ጥርስሽ ሳይወልቅ ነበር። ያን ጊዜ ነው ይህች ልጅ አንድ ቀን ሰው ታናድዳለች ያልሁት። አሁንም ስታነቢ ከዓሣ ሥጋ እሾህ እንደሚለቅም ሰው ቀስ እያልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አትቸኩዪ። ይህን ጽሑፍ የሽማግሎች መዋያ ቤታችን ኃላፊ ሜይታል በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። ሜይታል ያገራችን ልጅ ናት፣ ግን እዚህ ስለተወለደች አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ስለዚህ ምስጢራችን የተጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ለእናትሽ የላክሽውን መልእክት አንብባልኛለች። «አባቴ ቃሌን ካልመለስሁ ቤቱ እንዳልገባ ብሏል። እኔ ቃሌን መመለስ አልችልም። ስለዚህ ለስግድ በዓል አልመጣም» ብለሻል። አንድ ፊደል የሚተርፍ የለበትም፤ እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት ነው። ደረቅ ነሽ ልጄ። ይህን ደረቅነት ከማን እንዳመጣሽው ለማወቅ ደግሞ ዘር ቆጣሪ መጥራት አያስፈልግም፣ አንድ ፎቅ ወደ ላይ ማየት ይበቃል።

እስኪ ያን የፋሲካ ማታ እኔ እንዳየሁት ልንገርሽ፤ አንቺ ተናድደሽ ስለነበር በደንብ አላየሽውም። ነገሩን የጀመረው አባትሽ ራሱ ነው፣ ያውም በኩራት። ማፃውን፣ የፋሲካውን ቂጣ፣ እየቆረሰ፣ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው፤ ንገሪያቸው እንጂ ሬዑት!» አለሽ። ጎረቤታችን ደባሽ ወዲያው ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ጉልበቱን አወጣልሽ።

«የሰው ዶክተር አይደለሁም፣ ጋሼ ደባሽ። የሐይቅ ጭቃ ነው የማየው» አልሽው።

«ጭቃ ታሟል?» አለ ደባሽ።

ሁላችንም ሳቅን፣ አባትሽም ሳቀ። ከዚያ አንቺ ደስ ብሎሽ ታስረጂን ጀመር። በዚያ አገር በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ ሻካራ፣ ነጣ ያለ አፈር ወደ ሐይቅ ይዞ ይገባል፤ ክረምት ሐይቁ ከላይ በበረዶ ሲዘጋ ደግሞ የላመ ጥቁር ጭቃ ቀስ ብሎ ይሰፍራል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አንድ ዓመት ነው። እናንተ ረጅም ቱቦ ሰክታችሁ ታወጡታላችሁ፣ ተቀምጣችሁም ትቆጥሩታላችሁ። አባትሽ እየሳቀ «ስንት ደረስሽ?» አለሽ። «ከዘጠኝ ሺህ ዓመት በላይ» አልሽው።

ሳቁ እዚያው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ወንበር ላይ እንደተረሳ ኮት። አባትሽ ዓለም ከተፈጠረች ገና ስድስት ሺህ ዓመት አልሞላትም ብሎ የሚያምን፣ ጎሕ ሳይቀድ ጸሎት ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ነው።

«የኖኅ ዘመን የጥፋት ውሃስ የቱ ጋ ነው?» አለሽ።

ያን ጊዜ አንቺ ሰላጣውን ወደዚያ ገፋ አድርገሽ፣ አሁንም እጅሽ ይታየኛል፣ «የለም አባ። ዓለምን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሸፈነ ውሃ ቢኖር፣ በየአገሩ ሐይቅ ሥር በአንድ ዘመን የተጣለ አንድ ዓይነት ወፍራም ጭቃ ይገኝ ነበር። አልተገኘም። እዚሁ አገራችን የሙት ባሕር ወለል ተቆፍሮ ታይቷል፣ እዚያም የለም። ጎርፍ ብዙ አለ፤ ዓለምን ያሰጠመ ግን የለም» አልሽው።

እናትሽ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። አባትሽ «ቃልሽን መልሺ» አለሽ። «እኔ አይደለሁም ያልሁት፣ ጭቃው ነው» አልሽው። «እንግዲያው ከጭቃሽ ጋር ኑሪ!» አለሽ። ይኸው እየኖርሽ ነው።

«እርስዎስ ሳባ ከማን ጋር ነዎት?» ትዪኝ ይሆናል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከማንም ጋር አልወግንም። አንቺንም ቢሆን ጠይቄሻለሁ እንጂ ዝም ብዬ አላመንሁሽም። «ሐይቁ ባንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ቢሠራ በምን ታውቂያለሽ?» ብዬሽ ነበር ያኑ ማታ፣ አባትሽ ከወዲያ እየሰማ፣ አስታወስሽ? አንቺም አልተቆጣሽም። በአይስላንድ የፈነዳ እሳተ ገሞራ አመዱ በነፋስ እስከዚያ ድረስ እንደሚመጣ፣ የፈነዳበት ዓመት በሰው እጅ ተጽፎ እንደቆየ፣ አመዱም ስትቆጥሩ በዚያው ዓመት ንብርብር ውስጥ ተኝቶ እንደምታገኙት ነገርሽኝ። ወደድሁት። ጠይቁኝ የሚል ዕውቀት ደስ ይለኛል። አባትሽን የከበደው ጭቃሽ አይመስለኝም፤ ሰው ፊት መሆኑ ነው። ኩራቱን ሊያሳይ አውጥቶ ያነሣው ዕቃ እጁ ላይ ፈነዳበት።

እንግዲህ የኖኅ ምዕራፍ የሚነበብበት ሰንበት ደረሰ። አባትሽ ሳምንቱን በሙሉ ምግብ አልበላለት አለ። በመጨረሻ የኦሪት መምህራችንን ቄስ ሹሜን ሊያስመጣ ቆረጠ። ሐሳቡ ቄሱ በሽማግሎች መዋያ ቤታችን፣ በሞዓዶኑ፣ ስለ ኖኅ እንዲያስተምሩ፣ ከዚያም በሽማግሎች ፊት «ይህች ልጅ ይቅርታ ሳትጠይቅ ከቤት አትግባ» ብለው እንዲፈርዱለት ነው። ፍርዱን ደግሞ በአማርኛ ጽፌ የምልክልሽ እኔ ነኝ። አየሽ የአባትሽን ብልሃት? ሚዳቋዋን እንዲጠብቅ ነብር ቀጠረ።

ማክሰኞ ቀን ተሰበሰብን። ማክሰኞ ሜይታል ፊኛ እያቀበለች የምታስፖርተን ቀን ነው። ፊኛው ተሰብስቦ ወንበሩ ለቄሱ ተደረደረ። ሜይታል በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ሳባ ጓንጉል፣ ዛሬ ባላጋን የለም። ረብሻ የለም። በሰደር?»

«በሰደር» አልኋት። ቃል የገባሁት ስለ ረብሻ ነው። ስለ ጥያቄ ማንም አላነሣም።

ቄስ ሹሜ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ጃንጥላቸውን ወንበር ላይ አስደግፈው አስተማሩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲናገሩ ዝናቡን ሰማሁት። አባትሽ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ሲጨርሱ «ጥያቄ ያለው?» አሉ። እኔ እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። አባትሽ ዞር ብሎ አየኝና ዓይኑን ጨፈነ።

«አባ ቄስ፣ እርስዎም እኔም የስሜን ሰዎች ነን» አልሁ። «ዋልያ ከስሜን ገደል በቀር በዓለም የትም እንደሌለ እናውቃለን።»

«እናውቃለን» አሉ።

«መርከቡ ያረፈው አራራት ነው። እንግዲህ ዋልያ ባልና ሚስት ሆነው ከአራራት ወረዱ፣ ሶርያን አለፉ፣ ግብፅን አቋረጡ፣ ያን ሁሉ ተራራና ሣር እያዩ ስሜን እስኪገቡ መንገድ ላይ እንዴት አንድ ግልገል እንኳ አልጣሉም?»

«ሶርያ ማን ያሳድራቸዋል?» አለ ደባሽ ከኋላ።

«ዓሣውስ?» አለ ሌላው። «ዓሣን በውሃ መቅጣት ምን ማለት ነው? እኔን በጠላ እንደመቅጣት አይደለም?»

«አባ!» አለ አባትሽ በጥርሱ መካከል።

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ጓንጉል፣ ዋልያውን ስታገኘው ጠይቀውና ለእኔም ንገረኝ» አሉ። ሳቅ ሆነ። እዚህ ላይ ብተወው ደግ ነበር። ግን ዋናውን ጥያቄዬን ገና አላወጣሁትም ነበር።

የኔን ሥራ ታውቂያለሽ። በኛ ወግ ወንድና ሴት ሳይተጫጩ ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ባንድ አያት ከተገናኙ ጋብቻ የለም። በዚህ ከተማ አንድ ጎረምሳ «አፈቀርሁ» ካለ ወላጆቹ መጀመሪያ የሚመጡት ወደኔ ነው። ከሻአሪያ ሰፈርም፣ ከኤም ሃሞሻቮት ረጃጅም ፎቆችም ይመጣሉ። ሻይ ይጠጣሉ፣ የአያቶቻቸውን ስም ይዘረዝራሉ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥራለሁ። ስንቱን ትኩስ ፍቅር በቅድመ አያት ስም እንዳበረድሁ እግዚአብሔር ይወቅ።

«እንግዲህ አባ ቄስ፣ በሙያዬ ልጠይቅዎ» አልሁ። «ሰው ሁሉ ሰጥሞ የቀሩት ኖኅ፣ ሦስቱ ልጆቹና ሚስቶቻቸው ብቻ ከሆኑ፣ ኖኅ የልጅ ልጆቹን ለማን ዳረ? የሴም ልጅ ማንን አገባ? የካምን ልጅ። የካም ልጅስ? የያፌትን። የወንድማማች ልጆች! ገና ሁለተኛው ቤት ላይ ናቸው እኮ! እኔ በሰባተኛው የምከለክል ሰው፣ ኖኅ ሽማግሌ ቢልክብኝ ደጄን አላስረግጠውም። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጻድቁ ኖኅ ወጋችንን አፍርሷል፤ ወይም ደግሞ የሆነ ቦታ፣ ከሆነ ተራራ ጀርባ፣ እግራቸው ያልረጠበ ሴት ልጅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ።»

ልጄ፣ ያንን ጫጫታ ብትሰሚው! ሁሉም ባንድ ጊዜ ፈነዳ። አንዱ «ሕጉ ገና አልወጣም ነበር!» ይላል። ሌላው «ወጣም አልወጣም ነውር ነው!» ይላል። ደባሽ በጣቱ ሲቆጥር ኖሮ «ያፌት የኔ ዘመድ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጮኸ። ሜይታል ከበሩ ሆና በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ ታየኛለች።

በዚያ መሐል ጥሩአየሁ ተነሣች። ጥሩአየሁን ታውቂያታለሽ፣ ያቺ በምርኩዝ ጋሪ የምትሄደው፣ «የአየር ማቀዝቀዣውን ቀንሱልኝ» ከማለት በቀር በስብሰባ አፏን ከፍታ የማታውቀው።

«ቆዩ እስኪ» አለች። ሰው ሁሉ ቆየ። «ኖኅ የወንድማማች ልጆች ሲድር ማንም ምንም አላለውም?»

«አላለውም» አለ ደባሽ።

«እኔን በሰባተኛው ቤት ከለከሉኝ!» አለች፣ ጋሪዋን ወለሉ ላይ እየመታች። «በሰባተኛው! አንድ ቤት፣ አንዲት አሮጊት ቅድመ አያት ብትጨመርልኝ ኖሮ አገባው ነበር! በደጃችን ሲያልፍ እንኳ እንዳላየው በር ዘጉብኝ። ኖኅን ግን ጻድቅ አሉት!»

ሜይታል ረብሻውን ረስታ «ማን ነበር ሰውየው?» አለች።

«ዝም በይ ልጄ» አለች ጥሩአየሁ፣ እየተቀመጠች። «ሰውየው እዚህ ሆኖ ይሰማል።»

ሽማግሎቹ ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ጉልበቴን አሸሁ። ያን ጊዜ ዘር ቆጣሪው አባቴ ነበር፣ አባቴ ደግሞ ቆጥሮ ተሳስቶ አያውቅም። አያትሽን፣ ነፍሷ በገነት ትረፍ፣ ወድጄ ነው አብሬያት የኖርሁ። ይህን መሥመር ሁለቴ አንብቢው።

ሁሉም ሲስቅና ሲንሾካሾክ አባትሽ ብድግ አለ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ይበቃል» አለ። «አባ ቄስ፣ እኔ ለጨዋታ አልጠራዎትም። ልጄ የጥፋት ውሃ አልነበረም ብላለች። ስግድ ደርሷል። እንዲህ ያለች ልጅ ቤቴ ትገባለች ወይስ አትገባም? ይፍረዱልኝ።»

ሳቁ ቆመ። እኔም ከልቤ ፈራሁ፤ የምለው ቀልድ አልነበረኝም። ቄሱ «አትገባም» ቢሉ አባትሽ ቃላቸውን አይሽርም፣ አንቺም ቃልሽን አትሽሪም። እኔ ደግሞ ሁለት ደረቆች እስኪረጥቡ የምጠብቅበት ብዙ ዕድሜ የለኝም።

ቄስ ሹሜ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ወንድየ፣ ውሃው ምድርን ሁሉ ሸፈነ ብዬ አስተምሬሃለሁ፤ ወደፊትም አስተምራለሁ። ልጅህ ደግሞ አልሸፈነም ትላለች። እኔ ጭቃ ማንበብ አልችልም፣ እሷም ግዕዝ አታነብም። በማላውቀው አልፈርድም። አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኖኅ መርከቡ ሲያልቅ ልጆቹን አስገባ?»

«አስገባ።»

«ከመግባታቸው በፊት ምን ታምናላችሁ ብሎ መረመራቸው?»

«እንዲህ የሚል አልተጻፈም።»

«ካምንም አስገባው? ካም ኋላ አባቱን ምን እንዳደረገው ታውቃለህ።»

«አስገባው» አለ አባትሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቁራንስ?»

አባትሽ ወለሉን አየ።

«ቁራን አስገባው ወይ ነው የምልህ።»

«አስገባው።»

«ቁራ ንጹሕ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው» አሉ ቄሱ ጃንጥላቸውን እያነሡ፣ «ቁራ ገብቶ ልጅ ደጅ የምትቀርበት ኦሪት ካለ እኔ አላነበብሁትም። አንተ ካገኘኸው አሳየኝ።»

«ያላ፣ እንነሣ» ተባባልንና ተበተንን። ማንም አልሳቀም፤ ደባሽ እንኳ። አባትሽ በመኪና መለሰኝ። መብራት ላይ ስንቆም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣

«አባ፣ ሆን ብለው ነው አይደል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ዋልያውን።»

«እኔ ዋልያውን አላመጣሁትም፤ በራሱ እግር ነው የመጣው» አልሁት። ጢሙ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ነፉብን፣ ሄድን።

«ታዲያ ታረቀ?» ትያለሽ። ቆይ፣ አትሩጪ።

ከዚያ በኋላ ጉልበቴ እንደነገረኝ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። አባትሽ የአውቶቡስ ፈረቃው አልቆ የሚመጣበት ሰዓት አለፈ። እናትሽ ሦስት ጊዜ በመስኮት አየች። በመጨረሻ መጣ፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ፣ ጃኬቱ ሥር አንድ ነገር አቅፏል። የኮመጠጠ ኪያር የተሸጠበት ትልቅ ጠርሙስ ነው። ውስጡ ጭቃና ውሃ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች እናትሽ።

«ጭቃ ነው። ከያርቆን ወንዝ ዳር ነው ያመጣሁት።»

«ጫማህ ላይ ያመጣኸው አይበቃም ነበር?»

«አስናቁ፣ ማንም እንዳይነካው» አለና የምግብ ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀመጠው። ለእኔ ደግሞ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ አንድ ጎርፍ ብቻውን ብዙ ንብርብር የሚሠራ ከሆነ፣ አንቺ ዘጠኝ ሺህ ዓመት ብለሽ የቆጠርሽው የአንድ የጥፋት ውሃ ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይፈትሻል። ጠርሙሱን በጠበጠና አስቀመጠው። ወንበር ስቦ ፊቱ ተቀመጠ። እራት ቀርቦ ቀዘቀዘ።

ፈረቃው ከሰዓት በኋላ በሆነበት ቀን ጠዋት «አባ፣ ይምጡ!» ብሎ ጮኸ። «ሦስት ንብርብር! ባንድ ጎርፍ ሦስት! አላልሁዎትም?» እውነትም ከታች አሸዋ፣ ከመሐል ደለል፣ ከላይ የላመ ጭቃ ተኝቷል። አባትሽ እንደ ሎተሪ ባለ ዕድል ተንጎራደደ። ቡናውን ቀዳ። ጠጣ። ተመልሶ መጣና ቆመ። ጭንቅላቱን ወደ ጎን አድርጎ ብዙ አየው።

«ግን ወፍራሙ ሁልጊዜ ከታች ነው የሚቀመጠው» አለ ለራሱ። «ደግሜ ብበጠብጠውም ያው ሦስት ነው። የሷ ግን... የሷ ሻካራ፣ የላመ፣ ሻካራ፣ የላመ እያለ ነው የሚደጋገም። እንዲያ አይደል ያለችው?»

ሬዑት፣ ልብ በይ። በዚያ ፋሲካ ማታ ተናድዶ፣ ደሙ ፈልቶ፣ አንዲት ቃልሽን አልጣለም። ሁሉንም እንደያዘው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከጸሎት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ጠርሙስ ነው። እኔ ደግሞ ነገሩ እንዳይሰለቸው አንዳንድ ጊዜ ማንም ሳያየኝ ጠርሙሱን ነቅነቅ አደርገዋለሁ። ይመጣና «ማን ነካው?» ብሎ ይጮሃል። እናትሽ እኔን ታያለች። እኔ ጣራ አያለሁ። እንደገና ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ትናንት ከተፍ አለና፣

«አባ፣ ዓመቱን የሚያረጋግጡበት ቅጠል ነው ያለችው ወይስ አመድ?» አለኝ።

«ራሷን ጠይቃት።»

«እኔ አልጠይቃትም።»

«እንግዲያው እርግብ ላክ።»

በሩን ዘግቶብኝ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከፍቶት ሄደ፤ ሲዘጋ እንደሚያፍነኝ ያውቃል።

እንግዲህ ይህ ነው። ቃልሽን መልሺ አልልሽም። ያየሽውን አላየሁም እንድትዪ አያትሽ አይለምንሽም። አባትሽም ተረታሁ ይላል ብለሽ አትጠብቂ፤ እኔ ራሴ ተረታሁ ሲል ብሰማው ሐኪም እጠራለት ነበር። ግን ትኬቱን ቁረጪ። ስትገቢ ደግሞ «አባ ተሳስተሃል» ብለሽ አትጀምሪ። ሻንጣሽን አስቀምጪና «ጠርሙሱን አሳየኝ» በዪው። ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል፤ ማታም ቢሆን አያስተኛሽም።

እናትሽ ክፍልሽን ጠርጋለች፤ «ለምን?» ሲሏት «አቧራ ስለነበረ» ትላለች። ደባሽ አዲስ ጥርስ አስተክሎ አሁን ስናገር ይስቃል፣ ቀልዴን ስለወደደ ሳይሆን ጥርሱን ለማሳየት። ጥሩአየሁ ደግሞ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ፊኛ ስንጫወት ወደኔ ብቻ ነው የምትወረውር፣ ያውም በኃይል። በዚያ አገር ያየሽው ልጅ ካለም አትሸሽጊኝ፤ የአያቱን ስም ላኪልኝ። ፊንላንዳዊ ከሆነ ሥራዬ ይቀልልኛል፣ ሰባት ቤት ብቆጥር አልደርስበትም።

ዓለሙን በስድስት ሺህ ዓመትም ይሁን አንቺ በቆጠርሽው ዘመን የፈጠረ አምላክ ከብርዱ ይጋርድሽ። የምትረግጪው በረዶ ይጽናልሽ፣ ቱቦሽ አይሰበር። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ መንገድሽን አቅንቶ በደጃችን ያግባሽ። እኔም ዓይኔ ሳይደክም አይቼሽ፣ አናድጄሽ፣ ደግሞ መርቄሽ ልሸኝሽ። አሜን።

ነገር ፈላጊው አያትሽ፣
ጓንጉል

ወረቀቱን አጥፌ ለሜይታል ልወስድላት ስነሣ አባትሽ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ገባ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ለሷ ነው?»

«ለሷ ነው።»

የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ቆመ።

«ጭቃው እየደረቀ ነው ይበሏት» አለ።

«ውሃ ውስጥ ያለ ጭቃ እንዴት ይደርቃል?» አልሁት።

«አባ፣ እንዳልሁዎ ይጻፉ።»

ጻፍሁ።